ስለ ግራር ወገንና ስለ ስሙ መለወጥ

በኮምቦልቻና በደሴ ዙሪያ ግራርን የማያውቅ ልጅ አይገኝም። ሕዝባችን ብዙውን እሾሃም ዛፍ በዚህ በአንድ ስም ሲጠራ፥ የዕፅዋት ሊቃውንት ግን ዛሬ የአገራችንን ግራር በሦስት ወገን ከፍለው ያስተምራሉ። በቀድሞ መጻሕፍት የተጻፈው ስም ከዛሬው ጋራ ስለማይስማማ፥ መምህራን ነገሩን ከነምክንያቱ ማወቅ ይገባቸዋል።

ፊሊፕ ሚለር የተባለ እንግሊዛዊ አትክልተኛ በ1754 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) ወገኑን አካሺያ ብሎ ጻፈው። ቃሉ ከጽርዕ ቋንቋ የመጣ ሆኖ፥ የግብጽን እሾሃም ዛፍ የሚያመለክት ነበር። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ የሆነው ሁሉ እየተጨመረ ቍጥሩ ከሺህ አለፈ፤ የሚበዛውም የአውስትራልያ ነው። በኋላ አበባውና ፍሬው፥ በዘመናችንም የዘር ውርሱ ቢመረመር፥ ከአንድ ግንድ ያልወጡ ሆነው ተገኙ።

እንግዲህ ወገን ሲከፈል ስሙ በመጀመሪያ ከተሰየመበት ዛፍ ጋራ ይቀራል፤ ሕጉ ይህ ነው። ነገር ግን ይህ ቢፈጸም ከሺህ የሚበልጡ የአውስትራልያ ዛፎች ስማቸው ሊለወጥ ሆነ። ስለዚህ በ2005 ዓ.ም. በቪየና የተሰበሰበው ጉባኤ ስሙን ለአውስትራልያው ሰጠ፤ ብዙ ክርክር ተነሥቶበት ሳለ በ2011 ዓ.ም. በሜልቦርን ጸና። ፍርዱ ለሥራ የሚመች መሆኑ አይካድም፤ ባለ ርስቱ ግን ስሙን ተነጠቀ።

የእኛዎቹ ወገኖች ቫቼሊያ፥ ሴኔጋሊያና ፋይድሄርቢያ ይባላሉ። ተማሪዎች ከዛፉ ሥር ቆመው ይመልከቱ። ቀጥ ያለ እሾህ ከቅጠሉ ሥር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ቢበቅል፥ አበባውም እንደ ኳስ ቢከብ፥ ቫቼሊያ ነው፤ ጃንጥላ የሚመስለው የደጋው ግራር ከዚህ ነው። እሾሁ እንደ ድመት ጥፍር ቢቈለመም፥ አበባውም እንደ ጅራት ቢረዝም፥ ሴኔጋሊያ ነው፤ ለንግድ የሚፈለገው ሙጫ ከዚህ ወገን ይገኛል። ሦስተኛው ያሳስታል፤ እሾሁ እንደ ፊተኛው ቀጥ ያለ፥ አበባው እንደ ሁለተኛው ረዥም ነውና። እርሱን ጠባዩ ይለየዋል፤ በበጋ ለምልሞ በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል። ገበሬ ከእርሻው መካከል የሚተወው ሰብሉን በክረምት ስለማያጨልምበት ነው።

መጻሕፍትን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ይህን ያስታውሱ ይሆናል፤ በኦሪት ዘጸአት ታቦቱ የተሠራበት ዕንጨት በግእዙ የማይነቅዝ ዕንጨት ሲባል፥ በ1962 ዓ.ም. በታተመው አማርኛ ግን ግራር ተብሏል።

በአዊ ምድር በፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ለከሰል የሚተክሉት ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ከአውስትራልያ የመጣ ነው። እሾህ የለውም፤ በዛሬው መጻሕፍት ግን አካሺያ የሚባለው እርሱ ነው። ስለዚህ አካሺያ ተብሎ ችግኝ ወደ ትምህርት ቤታችሁ ቢመጣ፥ ከመትከላችሁ አስቀድማችሁ የአገር ግራር መሆኑን ወይም የባሕር ማዶው መሆኑን ጠይቁ፤ እሾሁንም ፈልጉ።