የማሽላ ማበቢያ ጊዜና የዘር ምርጫ

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ገበሬው ረጅሙን የአገር ማሽላ በሚያዝያ ይዘራል። የበልጉ ዝናብ ሲቀር ግን ዘሩ ወደ ሐምሌ ይገፋል፤ አዝመራውም ለአደጋ ይጋለጣል። ምክንያቱን እንመልከት።

የአገሩ ማሽላ ቀን ሲያጥር የሚያብብ ተክል ነው። ቀኑ ረጅም ሳለ ማበብን የሚከለክሉ ዘረ መሎች ይበረታሉ፤ ሲያጥር ይደክማሉ፤ ያን ጊዜ ቅጠሉ የማበቢያውን መልእክት ወደ ተክሉ ጫፍ ይልካል። በቆላችን የሰኔ ቀን ከታኅሣሥ ቀን የሚረዝመው ከ1 ሰዓት በጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ለማሽላ ግን ይህ ይበቃዋል። ስለዚህ በሐምሌ የተዘራው ማሽላ ሳይጎለምስ ያብባል፤ ዝናቡ ቀድሞ ካቆመም ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል።

እነዚህ ዘረ መሎች በየግላቸው አይሠሩም። አምስተኛውና ስድስተኛው የተባሉት ሁለቱም ብርቱ ሆነው ሲገናኙ ማበብ እጅግ ይዘገያል፤ አንዱ ሲደክም ተክሉ ይፈጥናል። እንግዲህ አንዱ አምስተኛው፣ ሌላው ስድስተኛው የደከመባቸው ሁለት ፈጣን ማሽላዎች ቢዳቀሉ ልጃቸው ዘገምተኛ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያት ለሐምሌ ዘር እንደ መኮና ተሻለ ያሉትን ፈጣን ዝርያዎች፣ ለሚያዝያ ደግሞ የአገሩን ዘር ለየብቻ እንዲያስቀምጡ፣ የዘር ዛላም ያበበበትን ቀን ምልክት እያደረጉ ከማሳው መካከል እንዲመርጡ እናሳስባለን።