ስለ ፋጉሎና ያለ እርድ ስለሚበቅል ሥጋ

ከኑግና ከተልባ ከጎመን ዘርም ዘይቱ ተጨምቆ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ በሬ ለማድለብና የላም ወተት ለማብዛት እንደሚጠቅም በየወረዳው ያለ የእርሻ ሹም ሁሉ ያውቀዋል። በቅርብ ዘመን ግን ይኸው ከመጭመቂያ የሚተርፍ ነገር ሥጋን ከከብቱ አካል ውጭ ለማብቀል ሊረዳ መቻሉ በሙከራ ታይቷል።

ነገሩም እንዲህ ነው። በከብት ጡንቻ ውስጥ፥ ጡንቻው በተጎዳ ጊዜ እየተባዙ የሚጠግኑት ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። እነዚህን ከከብቱ በጥቂቱ ወስደው፥ ስኳርና ጨው አሚኖ አሲድም ባለበት ውሃ በአካል ሙቀት ልክ ቢያኖሯቸው ይባዛሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ዓመት የኔዘርላንዱ ሊቅ ማርክ ፖስት በዚህ መንገድ የተገኘውን ሥጋ ለንደን ላይ አስጠብሶ አስቀመሰ፤ በ2020 ዓመትም የሲንጋፖር መንግሥት እንዲሁ የተሠራ የዶሮ ሥጋ እንዲሸጥ ፈቀደ። ይህ ከእንስሳ ሕዋስ የተነሣ ነውና ሥጋ እንጂ የአትክልት መብል አይደለም፤ የጾም ምግብ መስሎት የሚጠይቅ ቢኖር እንዲህ ይነገረው።

ትልቁ ችግር የሕዋሳቱ ምግብ ነበረ። ለብዙ ዘመን ሲሰጣቸው የኖረው፥ እርጉዝ ላም በታረደች ጊዜ በማኅፀኗ ከሚገኘው ጥጃ ደም ተጣርቶ የሚወጣው ሴረም ነው። ዋጋው እጅግ ውድ ነው፤ እርድን ለማስቀረት የታሰበ ሥራም በእርድ ላይ መቆሙ የሚያሳፍር ነበረ። በአሜሪካ በተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሊቃውንት በ2022 ዓመት ሴረም የሌለበት ምግብ አዘጋጁ፤ ነገር ግን አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ወጪውን ከፍ አደረገባቸው። በ2023 ዓመት ከጎመን ዘር ፋጉሎ ፕሮቲኑን ለይተው በአልቡሚን ፈንታ ቢያገቡት፥ የከብቱ ሕዋሳት ከቀድሞው ሳያንሱ ተባዙ። ያ ጎመን ዘር የአገራችን ጎመን ዘር ዘመድ ነው።

ይህን የሰማ ሹም ግን ስለ አዲስ ገበያ ለገበሬው ተስፋ ለመስጠት አይቸኩል። በአገራችን ፋጉሎ ሥጋና ወተት የሚሆነው በከብቱ ሆድ በኩል ነው፤ በጨጓራው ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን ፋጉሎውን ፈትተው የራሳቸው አካል ያደርጉታል፥ ከብቱም እነርሱን ፈጭቶ ጡንቻ ያበቅላል። ፋጉሎው ክፉ ከሆነ ጉዳቱ ወደ ሰው ይደርሳል።

ለዚህም ምስክር አለ። በአዲስ አበባ በጉርድ ሾላ በኩል የሚገኘው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ሊቃውንት የተካፈሉበት ጥናት በ2016 ዓመት ታትሟል። በአዲስ አበባ ዙሪያ የተሰበሰበ 110 የወተት ናሙና ቢመረመር፥ ከሻጋታ የሚወጣው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በሁሉም ተገኘ፤ በአውሮፓ ከተወሰነው ልክ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። መርዙም በተለይ ከኑግ ፋጉሎ ጋር የተያያዘ ሆነ።

ስለዚህ ፋጉሎ በእርጥብ መሬት ላይ አይከመር፤ በእንጨት ርብራብ ላይ፥ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፥ ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ጎተራ ይቀመጥ። የሻገተውን ከደኅናው ጋር ቀላቅሎ መሸጥ ይከልከል። ወተቱን ማፍላት መርዙን አያጠፋውምና፥ ይህ በተለይ ልጆች ላሏቸው እናቶች ይነገር።