ጠብታው ውኃ ይቆጥባል፤ ጨዉን ግን ማን ያስወጣዋል?

በጽጌረዳ እርሻ በሽርክና ለመግባት ወይም እርሻውን ጠቅልሎ ለመግዛት የሚነሳ ባለሀብት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ግሪን ሃውሱ ስፋት፣ ስለ ተክሉ ዕድሜና ስለ ሆላንድ የጨረታ ዋጋ ነው። ስለ መስኖው ሲነሳ ሻጩ «ሁሉም በጠብታ ነው» ካለ ጉዳዩ ያበቃ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከመሸጫው ዋጋ ሊቀነስ የሚገባው ሂሳብ ተሸሽጎ የሚገኘው እዚሁ ላይ ሊሆን ይችላል።

የጠብታ መስኖ በንግድ ደረጃ የተስፋፋው ከእስራኤል ተነስቶ ነው። የመሐንዲሱን የሲምሐ ብላስን ፈጠራ ይዞ ኔታፊም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1965 በኔጌቭ በረሃ ተቋቋመ። ውኃና ማዳበሪያ በአንድ ቱቦ እስከ ሥሩ ድረስ ስለሚደርሱ የሚባክነው ጥቂት ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ክርክሩ ጨው ላይ ነው። ተክል ውኃውን ይጠጣል፤ ሶዲየምንና ክሎራይድን ግን በአብዛኛው ትቶት ይሄዳል። ከጠብታው በታች ርጥበቱ እንደ ሽንኩርት ራስ ቅርጽ ይዞ ይሰፋል፤ ጨዉም ከውኃው ጋር እየተገፋ በርጥበቱ ጠርዝና ውኃው በሚተንበት ላይኛው ገጽ ላይ ይከማቻል። ስለዚህ በጠብታው ሥር ያለው ቦታ ንጹሕ ሲሆን በሁለት ጠብታዎች መካከል ያለው ግን ጨዋማ ይሆናል።

መጠኑን በቁጥር ማየት ይቻላል። የውኃ ጨዋማነት የሚለካው በተለምዶ ኢሲ በሚባለው የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ነው። ኢሲው 0.5 የሆነ ውኃ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 320 ግራም ያህል የሟሟ ጨው ይይዛል። በቀን 40 ሜትር ኩብ የሚጠጣ አንድ ሄክታር ግሪን ሃውስ ቢታሰብ፣ ማዳበሪያው ሳይጨመር በዓመት ከ4 ሺህ 600 ኪሎ ግራም በላይ ይገባበታል ማለት ነው። ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ተክሉ በከፊል ይጠቀምበታል፤ ሶዲየሙ ግን መውጫ ካልተበጀለት እዚያው ይቀራል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውኃዎች ሶዲየምና ባይካርቦኔት የሚበዛባቸው መሆኑን ማስታወስ ያሻል።

መውጫው ትርፍ ውኃ ነው። ከ100 ሊትር ውስጥ 25 ሊትሩ ከታች እንዲፈስ ከተደረገ፣ ውሎ አድሮ በሚፈሰው ውኃ ውስጥ ያለው ሶዲየም ከሚገባው አራት እጥፍ ይደርሳል። «ቆጣቢ» የሆነ ሥራ አስኪያጅ የሚፈሰውን ወደ 10 ሊትር ካወረደው አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ጽጌረዳ ደግሞ ጨው የማይችል ተክል ነው። በቆጠባ የተገኘው የማዳበሪያ ወጪ በአጭር ግንድና በትንሽ አበባ ይመለሳል።

የማብቀያው ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። በመንገድ ሥራ የሚታወቀው ሬድ አሽ ቀዳዳው ሰፊ በመሆኑ ውኃው ወደ ጎን ሳይሰፋ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በመሆኑም ጠብታዎቹ መቀራረብ፣ ውኃውም በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ መሰጠት አለበት። ከኮኮናት ቃጫ የሚዘጋጀው ኮኮ ፒት ውኃን የበለጠ ይይዛል፤ ሆኖም በደንብ ሳይታጠብ የመጣ እንደሆነ ገና ከመነሻው ጨው ይዞ ይመጣል። ሜዳ ላይ በጠብታ ለሚያለሙት ደግሞ አደጋው የመጀመሪያዋ ካፊያ ናት፤ ላይ የተከማቸውን ጨው ወደ ሥር ስለምታወርደው፣ የሚያውቁት ገበሬዎች ዝናብ መጣ ብለው መስኖውን አይዘጉም።

እንግዲህ ገዢው እርሻውን ሲጎበኝ የሚፈሰውን ውኃ መጠንና ኢሲ የሚያሳየውን የዕለት መዝገብ፣ ቢያንስ የአንድ ዓመቱን፣ ይጠይቅ። ናሙና ሲወሰድ ሻጩ ከጠብታው ሥር ቢዘግን ውጤቱ ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ ከሁለቱ ጠብታዎች መካከልና ከማፍሰሻ ቀዳዳው የራቀውን ጥግ መዛቅ ይበጃል። የሚፈሰው ውኃ ወዴት እንደሚሄድም መታየት አለበት። ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ወንዝ የሚለቀቅ ከሆነ ማዳበሪያውን ይዞ ስለሚሄድ ከአካባቢው ነዋሪ ጋር ያጋጫል። መልሶ ለመጠቀም ደግሞ ማጠራቀሚያ፣ ማጣሪያና የበሽታ መከላከያ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ ሶዲየሙ በዙር እየጨመረ ስለሚሄድ በየጊዜው የተወሰነውን መድፋት አይቀርም። የእነዚህ ሁሉ ወጪ ውሉ ከመፈረሙ በፊት በሂሳቡ ላይ መግባት ይኖርበታል።