የላም ዘር ፊደልና አንባቢው

ለመሆኑ በኮምፒውተር የከብት ዘር የሚያጠና ባለሙያ ሥራው ምንድን ነው? የላም የዘር መልእክት በአራት ፊደላት የተጻፈ ሲሆን፣ ርዝመቱ ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል ይጠጋል። የመጀመሪያው ንባብ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ባለሙያው የፎገራን ላም ንባብ ከቦረናዋ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን ይለቅማል። አዲስ አበባ ባለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ይህን መሰል ጥናት ይካሄዳል።

ታዲያ ልዩነቱ ብቻውን ምን ይነግረናል? ብዙ አይነግረንም! ላሚቱ ስንት ሊትር ታለበች? በየስንት ጊዜ ወለደች? ይህን የሚያውቀው ባለከብቱ ነው። የደብረ ኤልያስ ገበሬም የላሙን እናትና አያት በቃሉ ይቆጥራል፤ ወረቀት ላይ ግን እምብዛም አይሰፍርም።

የፎገራ ዝርያ ከሌላ ጋር እየተዳቀለ በመሳሳት ላይ ነው። ሳይመዘገብ ከጠፋ ኮምፒውተር አይመልሰውም። ስለዚህ ነገ ክፍል ስንገባ፣ ተማሪዎቻችን የቤታቸውን ላም ታሪክ በደብተር እንዲይዙ እናስተምር።