ነባርና እንግዳ ገጸ ባሕርያት በአድናቂዎች ድርሰት

አንድ አንባቢ የወደደውን መጽሐፍ ጨርሶ ከዘጋ በኋላ ባለታሪኮቹ ከልቡ አልወጣ ይሉታል። «ከዚያስ በኋላ ምን ሆኑ?» እያለ ሲያሰላስል ይሰነብትና በመጨረሻ ብዕር አንሥቶ መልሱን ራሱ ይጽፈዋል። ከዚህ ዓይነቱ መነሣሣት የሚወለደውን ጽሑፍ በዚህ አነስተኛ ጥናት የአድናቂ ድርሰት ብለን እንጠራዋለን። ይህን ድርሰት በሚጽፉና በሚያነቡ ሰዎች ዘንድ አንድ የቆየ ክርክር አለ፤ ይኸውም ጸሐፊው መሥራት ያለበት የመጀመሪያው ደራሲ በፈጠራቸው በነባሮቹ ሰዎች ብቻ ነው ወይስ ከራሱ አእምሮ ያፈለቀውን እንግዳ ሰው ወደ ታሪኩ ሊያስገባ ይችላል የሚለው ነው።

ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀትና ቀለም ማባከን ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን ድርሰት መጻፍ የጀመሩት አብዛኞቹ የጀመሩት በወደዱት መጽሐፍ ጥላ ሥር ተጠልለው ነው። በዚያን ጊዜ የሚደርስባቸው ፌዝ ብዕራቸውን ለዘለቄታው ሊያስጥላቸው ይችላል፤ ከፌዙም ሁሉ የከፋው በእንግዳው ገጸ ባሕርይ ላይ የሚወርደው ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ነባሩን እንመልከት። አርተር ኮናን ዶይል ከ1887 እስከ 1927 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለ ሼርሎክ ሆምስ 4 ረጃጅምና 56 አጫጭር ታሪኮች አሳትሟል። እንግዲህ ዛሬ አንድ ጸሐፊ «ሆምስ ቫዮሊኑን አስቀምጦ ወደ መስኮቱ ሄደ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ክፍሉንም፣ ፒፓውንም፣ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ዶክተር ዋትሰንንም ያያል። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ለመሳል አንድ ጠብታ ቀለም አላወጣም። የአንባቢው ፍቅር በብድር የተገኘ ሀብት ነው። ተቃዋሚዎችም ይህን ይዘው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ።

ተረቱ እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ ብቻ ያስኬዳል። ብድር ያለ ዕዳ የለምና፣ ነባር ገጸ ባሕርይ የተዋሰ ሰው በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ተቆጣጣሪ ተቀምጦበታል። ሆምስ በሁለተኛው ገጽ ላይ ከአንዲት ልጃገረድ እግር ሥር ወድቆ ቢያለቅስ አንባቢው «ይህስ ሰውዬው አይደለም» ብሎ ወረቀቱን ያስቀምጠዋል። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ድምፅን መጠበቅ ነው። የሆምስን ብልሃት መፈልሰፍ ይቻል ይሆናል፤ ታሪኩን የሚነግረንን የዋትሰንን ቅንነት፣ መገረሙንና ለጓደኛው ያለውን አክብሮት ሳያዛቡ ሃያ ገጽ መዝለቅ ግን ሙያ ይጠይቃል። ስለዚህ በነባር ሰዎች መጻፍ የሰነፍ ሥራ ነው የሚለውን ፍርድ እኔ በበኩሌ አልቀበለውም።

በተጨማሪም ነባርነት ደረጃ አለው። አይሪን አድለር የምትባለው ሴት በሆምስ ታሪኮች ውስጥ በአካል የምትታየው በ1891 በታተመው በአንዱ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አድናቂዎች ስለ እሷ የጻፉት ተቆጥሮ የሚያልቅ አይደለም። ስሟ የኮናን ዶይል ነው፤ ልቧ ግን እያንዳንዱ ጸሐፊ የሞላላት ነው። እንዲህ ያለችውን ነባር እንበላት ወይስ እንግዳ?

አሁን ወደ ዋናው ጠብ እንምጣ። ስታር ትሬክ የተባለው የቴሌቪዥን ታሪክ በአሜሪካ ከ1966 እስከ 1969 ይታይ ነበር። አድናቂዎቹ፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ ከ1967 ጀምሮ እንደዚህ እንደኛው መጽሔት በማባዣ መኪና የተባዙ መጽሔቶችን እያዘጋጁ ድርሰታቸውን ይለዋወጡ ጀመር። ከድርሰቶቹም ብዙዎቹ አንድ ዓይነት መልክ ነበራቸው፤ አንዲት ወጣት መኮንን ወደ መርከቢቱ ትመጣለች፣ ሁሉም ይወዷታል፣ ሁሉንም ታድናለች። ፖላ ስሚዝ የተባለች አድናቂ ይህን አይታ በ1973 አንዲት ገጽ እንኳ በቅጡ የማትሞላ የፌዝ ታሪክ ጻፈች። የታሪኳ ባለቤት የ15 ዓመት ተኩል ልጅ የሆነችው መቶ አለቃ ሜሪ ሱ ናት። ካፒቴን ኬርክ ገና እንዳያት ፍቅሩን ይገልጽላታል፤ ለስሜት የማይበገረው ስፖክ አስተሳሰቧን ያደንቃል፤ መኮንኖቹ ሁሉ ሲታመሙ መርከቢቱን ብቻዋን ትመራለች፤ ለዚህም የኖቤል የሰላም ሽልማት ይሰጣታል። በመጨረሻም ሁሉም ከበዋት እያለቀሱ ትሞታለች፤ የልደቷም ቀን በመርከቢቱ ላይ በዓል ሆኖ ይቀራል።

ፌዙ ያስቃል፤ ማሳቁም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ስሙ ከታሪኩ አምልጦ ወጣና ስድብ ሆነ። ካሚል ቤከን ስሚዝ በ1992 ባሳተመችው የጥናት መጽሐፍ ውስጥ እንደምትነግረን፣ በእነዚሁ አድናቂዎች መካከል አዲስ የተፈጠረች ሴት ሁሉ «ሜሪ ሱ» እየተባለች የምትኰነንበት ጊዜ መጣ፤ አንዳንድ ሴቶችም ይህን ፈርተው ሴት ገጸ ባሕርይ መፍጠሩን እርግፍ አድርገው ተዉት። ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው። ኬርክ ራሱ በየሳምንቱ ይዋጋ፣ ይፈቀር፣ ያሸንፍ የለም እንዴ? ወንድ ሲሆን ጀግና፣ ሴት ስትሆን ከንቱ ውዳሴ የሚባልበት ሚዛን ትክክለኛ ሚዛን አይደለም።

ታዲያ የሜሪ ሱ ጉድለት በእውነት ምንድን ነው? ቆንጆ መሆኗ አይደለም፤ ዐዋቂ መሆኗም፣ አዲስ መሆኗም አይደለም። ጉድለቱ በነባሮቹ ሰዎች ላይ የደረሰው ነው። እሷ ስትገባ ኬርክ ኬርክነቱን፣ ስፖክም ስፖክነቱን ይተዉና ሁለቱም አጨብጫቢ ይሆናሉ። አንባቢው የሚቆጣው እንግዳይቱ ስለ መጣች ሳይሆን ባለቤቶቹ ቤታቸውን ጥለው ስለ ወጡ ነው። እንግዲህ ክርክሩ ሁለት ጥያቄ ይምሰል እንጂ አንድ ነው፤ እንግዳው የሚመዘነው በነባሮቹ ጤንነት ነው ማለት ነው።

ይህን ሚዛን ይዘን ሌላ ምሳሌ እንይ። ላውሪ ኪንግ የተባለችው አሜሪካዊት ደራሲ በ1994 ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ ሜሪ ራስል የምትባል የ15 ዓመት ልጅ ፈጠረች። ዘመኑ 1915 ነው፤ ሆምስም ሥራውን ትቶ በሳሴክስ ገጠር ንብ ያረባል። ልጅቱ ታገኘዋለች፣ በአስተሳሰብ ትገዳደረዋለች፣ ደቀ መዝሙሩ ትሆናለች፤ በሚቀጥለው መጽሐፍ ደግሞ ያገባታል። በወሬ ብቻ ለሰማው ሰው ከዚህ የበለጠ ሜሪ ሱ ከየት ይገኛል? መጽሐፉን ሲያነቡት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ራስል ወላጆቿንና ወንድሟን በመኪና አደጋ ያጣች፣ ለአደጋውም ምክንያቱ እኔ ነኝ እያለች ራሷን የምትወቅስ ልጅ ናት። በኦክስፎርድ ነገረ መለኮት ትማራለች፤ ከሆምስ ጋር የማይገናኝ የራሷ ዓለም አላት ማለት ነው። ሆምስም ቢሆን እንደ ጥንቱ ተናካሽ፣ ትዕቢተኛና ምሥጢረኛ ነው። ታሪኩን የምትተርከውም እሷ ስለ ሆነች፣ ደራሲዋ የዋትሰንን ድምፅ ለመኮረጅ ከመድከም ተገላግላለች። ይህ ብልሃት ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ከዚህም ቀደም ብሎ፣ ዊልያም ጊሌት የሚባለው አሜሪካዊ ተዋናይ በ1899 ሆምስን ወደ መድረክ ሲያወጣ አሊስ ፎክነር የምትባል ወጣት ጨምሮ ነበር። ሆምስን መዳር ይቻል እንደ ሆነ ደራሲውን ቢጠይቀው፣ ኮናን ዶይል ቢያሻህ ዳረው፣ ቢያሻህ ግደለው የሚል መልስ ሰጠው ይባላል። አሊስ በመድረኩ ላይ ቀረች። በዚያው ቲያትር ውስጥ ግን ቢሊ የሚባል ተላላኪ ልጅ ነበረ፤ ቻርሊ ቻፕሊን በብላቴናነቱ የተጫወተው እሱን ነው። ኮናን ዶይል ከዓመታት በኋላ በጻፋቸው ታሪኮች የሆምስ ተላላኪ ቢሊ ተብሎ እናገኘዋለን። ፍቅረኛይቱ ያልገባችበትን በር ተላላኪው ገባበት፤ ትንሽ ሆኖ፣ ማንንም ሳይገፋ።

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ይኸውም በነባሩ መጽሐፍ ውስጥ ስሙ እንጂ ድምፁ ያልተሰማውን ሰው ማስነሣት ነው። በሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» (1847) ውስጥ ባሏ ሮቸስተር ሰገነት ላይ የቈለፈባት በርታ የምትባል ሴት አለች፤ ትስቃለች፣ ትጮኻለች፣ ቤት ታቃጥላለች፤ ስለ ራሷ ግን አንዲት ቃል አትነግረንም። በዶሚኒካ ደሴት የተወለደችው ጂን ሪስ በ1966 ባሳተመችው «ሰፊው የሳርጋሶ ባሕር» ይህችን ሴት ልጅነቷን ሰጠቻት፣ አገሯን ሰጠቻት፣ አንቷኔት የሚል ስምም ሰጠቻት። በርታ ባልየው በግድ የለጠፈባት ስም ሆኖ ተገኘ። የሚደንቀው ግን ሌላ ነው፤ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ባልየው ከዳር እስከ ዳር ስሙ አይጠራም። ስም ያለው ነባር ሰው ስሙን አጣ፤ ድምፅ ያልነበራት ሴት ተናገረች። ቶም ስቶፓርድም በዚያው በ1966 ከሼክስፒር «ሐምሌት» ሁለት አጃቢዎችን ወስዶ ባለታሪክ አድርጓቸዋል።

ወደ ራሳችን መደርደሪያ መለስ ብለን እንሞክረው። ከኛ አንዱ በ1958 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ልጻፍ ቢል፣ ለሰብለ ወንጌል አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ አዲስ አፍቃሪ ቢፈጥርላት የበዛብህን ቦታ መንጠቁ ነውና ማን ይታገሠዋል? ነገር ግን በፊታውራሪ መሸሻ ጓዳ እሳት ስታነድ የምትውል ስም የለሽ ገረድ ቢያስነሣ፣ ያ ሁሉ የጌቶች ክብርና የልጅቱ ትምህርት ከጓዳ በኩል ምን ይመስል እንደ ነበር ቢያሳየን፣ ጉዱ ካሳ በአደባባይ የተናገረውን እሷ ከምድጃው ዳር ምን ብላ እንደ ሰማችው ቢነግረን፣ እኔ አንባቢው ነኝ። ገረዲቱ እንግዳ ናት፤ ለቤቱ ግን እንግዳ አይደለችም።

ስለ ሕጉ ባጭሩ፦ በአሜሪካ ዳኛው ለርንድ ሃንድ በ1930 በሰጠው ፍርድ፣ አንድ ገጸ ባሕርይ ተለይቶ ያልተሣለ በሆነ መጠን የባለቤትነት ጥበቃው እንደሚያንስ ገልጿል። ሆምስም ከ2023 መግቢያ ጀምሮ በዚያው አገር ሙሉ በሙሉ የማንም ሆኗል። ከ2009 ጀምሮ የአድናቂዎች ድርሰት የሚከማችበት ትልቁ የኢንተርኔት ግምጃ ቤት ደግሞ፣ በ2019 ሁጎ የተባለውን ሽልማት ያገኘው ማለቴ ነው፣ እንግዳ ሴት ወይም እንግዳ ወንድ ያለበትን ድርሰት የሚያመለክት ምልክት አለው። አንባቢ ምልክቱን አይቶ ይመጣል ወይም ይሸሻል፤ ሳያነቡ መሸሽ ግን ራስን መጉዳት ይመስለኛል።

አንድ የቀረኝ ምሳሌ አለ፤ ከሁሉ የቆየው ነው። ሰርቫንቴስ የዶን ኪሆቴን ሁለተኛ ክፍል ገና ሳይጨርስ፣ አቬያኔዳ በሚል የብዕር ስም የተሰወረ ሰው በ1614 የራሱን ሁለተኛ ክፍል አሳተመ። ሰርቫንቴስ ተናደደ። በ1615 ባወጣው እውነተኛው ሁለተኛ ክፍልም ባላባቱ ስለዚያ መጽሐፍ ሰምቶ፣ ሐሰተኛው ወደ ሄደበት ወደ ሳራጎሳ አልሄድም ብሎ መንገዱን ወደ ባርሴሎና ያዞራል። ደራሲው በዚህ ብቻ አልበቃውም። አቬያኔዳ ከራሱ የፈጠረው ዶን አልቫሮ ታርፌ የሚባል መኰንን ነበረ፤ ሰርቫንቴስ ይህን ሰው ከሌላው መጽሐፍ አንሥቶ ወደ ራሱ አመጣውና በአንድ የመንገድ ማደሪያ ከዶን ኪሆቴ ጋር አገናኘው። ታርፌም እውነተኛውንና ሳንቾ ፓንሳን አይቶ፣ እስከዚያ ቀን የሚያውቃቸው ሌሎች እንደ ነበሩ በአገሩ ሹም ፊት በጽሑፍ መሰከረ። ሲመሽ አብረው ከማደሪያው ወጥተው ጥቂት መንገድ ተጓዙ፤ መንገዱ ከሁለት ሲከፈል ባላባቱ ወደ መንደሩ፣ ታርፌም ወደ አገሩ ወደ ግራናዳ ሄደ።