የማታ ቫዮሊንና የጎረቤት እንቅልፍ

ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር ሳለን፣ ከስስ ግድግዳ ባሻገር ቫዮሊን የሚማር ጎረቤት ነበረን። እርሱ ማታ ካልተለማመደ ፈተናውን አያልፍም፤ እኛም ካላነበብን የእኛን አናልፍም። ከብዙ ቅያሜ በኋላ ያስታረቀችን አንዲት ቁራጭ ብረት፣ ይኸውም በቫዮሊኑ በርኩማ ላይ የምትሰካ ድምፅ ማፈኛ ነበረች። ለመሆኑ ይህች ብረት ምን ትሠራለች?

አውታር ቀጭን ስለሆነ ብቻውን የሚገፋው አየር እጅግ ጥቂት ነው። ድምፁ የሚጎላው ንዝረቱ አውታሮቹን በተሸከመው በርኩማ በኩል አልፎ ሰፊውን የሳጥን ገጽ ሲያንቀጠቅጥ ነው። በጠረጴዛ ላይ የሚነዝር ሞባይል ስልክ በታጠፈ ፎጣ ላይ ካለው ይልቅ የሚጮኸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የቫዮሊን በርኩማ 2 ግራም ያህል ቢመዝን ነው። ለልምምድ የሚሠሩ የብረት ማፈኛዎች ግን በአሥሮች የሚቆጠር ግራም ይመዝናሉ። በኒውተን ሁለተኛ ሕግ መሠረት፣ ኃይሉ ሳይለወጥ መጠነ ቁሱ ሲጨምር የፍጥነት ለውጡ ያንሳል። ንዝረቱ በፈጠነ መጠን ደግሞ ተጨማሪውን ክብደት ማወዛወዝ ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ ማፈኛው አብዝቶ የሚቀንሰው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ የቫዮሊኑም ድምፅ የደበዘዘ ይሆናል።

ሆኖም ማፈኛ ድምፅን ፈጽሞ አያጠፋም። የድምፅ መጠን በ10 ዴሲቤል ሲቀንስ የሚተላለፈው ጉልበት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ ጆሯችን ግን የሚሰማው ወደ ግማሽ ገደማ እንደቀነሰ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ግድግዳም ከወፍራም ድምፅ ይልቅ ቀጭኑን በተሻለ ያግዳል። ማፈኛውም ግድግዳውም የሚራሩት ለወፍራሙ ድምፅ በመሆኑ፣ ወደ ጎረቤት የሚዘልቀው በተለይ በ196 ሄርዝ ከሚነዝረው ወፍራም አውታር የሚወጣው ነው። ከማፈኛው ጋር የሰዓት ስምምነት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ለተለማማጁም ዋጋ አለው። ዘወትር በማፈኛ የሚጫወት ሰው ድምፁን ለማጉላት ደጋኑን አብዝቶ መጫን ይለምዳል፤ የመሣሪያውንም እውነተኛ ድምፅ ይረሳል። ስለሆነም የጣት ልምምድን ለማታ፣ የድምፅ ጥራትን ለቀን መመደብ ይበጃል። የብረት ማፈኛ ወድቆ የሳጥኑን ገጽ እንዳይጎዳም በጥብቅ መሰካት አለበት።

መልመጃ፦ በ2 ግራም በርኩማ ላይ 50 ግራም ማፈኛ ቢሰካና በርኩማው በነጻ የሚንቀሳቀስ ቢሆን፣ በእኩል ኃይል የሚያገኘው የፍጥነት ለውጥ በስንት እጅ ይቀንሳል? በእውነተኛው ቫዮሊን ላይ መልሱ ለምን ይለያል?