በማሾ ዋጋ ሽንኩርት

እስቲ ጠጋ በይ፣ የግምት ፎርሙን ልየው። ኧረ እህትዓለም! ለሸዋ ሮቢት ረድፍ ቤት ማወዳደሪያ ያደረግሽው የአዲስ አበባን ኮንዶሚኒየም ነው? «ሁለቱም የሚሸጡት በካሬ ነው» ትይኛለሽ። ማሾና ሽንኩርትም በኩንታል ይሸጣሉ፤ እንግዲህ ገበያ ውጪና በማሾ ዋጋ ሽንኩርት ግዢ።

ኮንዶሚኒየም የገዛ ሰው ለብቻው የያዘው ክፍሉን ነው። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ሕንፃው የቆመበት ቦታ የጋራ ነው፤ የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚለውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጎረቤትም አብሮ ይገመታል። የሕንፃው ማኅበር ደረጃውን ያስጠግናል ወይስ መዋጮ የሚከፍል ጠፍቶ የውሃ ፓምፑ ቆሟል? የ20/80 ከሆነ ደግሞ የባንክ ዕዳውንና የአምስት ዓመቱን የሽያጭ እገዳ ሳታጣሪ ቁጥር አትጻፊ። እኔ በጀማሪነቴ ሊፍት የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅን በምድር ቤት ዋጋ ገምቼ ነበር። አለቃዬ ሪፖርቱን መልሶልኝ «ጀሪካን ተሸክመሽ ወጥተሽ አይተሽዋል?» አለኝ።

ረድፍ ቤት ሌላ ነው። የራሱ ካርታ፣ የራሱ በር፣ ምንጣፍ ታክልም የራሱ ግቢ አለው። መሬቱ መቼም የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አንቺ የምትገምቺው ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ? የመኖሪያ ሊዝ 99 ዓመት ነውና ስንቱ እንደቀረ፣ ክፍያውም የት እንደደረሰ ከውሉ አንብቢ።

ከዚያ ወደ ግድግዳው። በ1953 የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ያፈራረሰው ከዚህ ብዙ ሳይርቅ ነው። ሁለት ቤት የየራሱ ኮለን ሳይኖረው በአንድ ግድግዳ ከተደጋገፈ፣ የጎረቤት መፍረስ የደንበኛሽም መፍረስ ነው። መጋጠሚያው ላይ ስንጥቅ ካለ ቀለም ይደብቀዋል፤ አንቺ ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፈሽ ባትሪውን በጎን አብሪው፣ ጥላው ያሳብቃል።

የአዲስ አበባ ዋጋ ጨርሶ የማይነግርሽ ሙቀቱን ነው። እዚያ ፀሐይ የሚገባው ሳሎን ዋጋ ይጨምራል፤ እዚህ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያንኑ ፀሐይ ሰው ይሸሸዋል። ከረድፉ መሃል ያለ ቤት በሁለት ጎኑ መስኮት የለውም። ንፋስ ከፊት ገብቶ በጓሮ ካልወጣ፣ ኮርኒሱም ዝቅ ካለ፣ ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ ይጋግረዋል። የዳሩ ቤት ይሻላል። በረንዳና አንድ ጥላ ያለው ዛፍ ደግሞ፣ ባለቤቱ የሚኮራበትን ሴራሚክ ያስከነዳሉ፤ ይህን ለእሱ አትንገሪው እንጂ።

ስለዚህ የኮንዶሚኒየሙን ዋጋ ሰርዢው። እዚሁ ከተማ በቅርቡ የተሸጠ ረድፍ ቤት ካጣሽ፣ ባለግቢ ቤት ውሰጂና የግቢውን ልዩነት ቀንሺ። ፎርሙንም ዛሬ አትፈርሚ። ነገ ቀን 8 ሰዓት ላይ ሂጂና የመሃለኛውን ክፍል በር ዘግተሽ ሩብ ሰዓት ቁጭ በይበት።